የጎረቤት ኩፖን ሐላል ነው?

ከላላ ከተማ ውስጥ ሻይ ቤት ያለው ሰው ስኳርን ሌላው በሚያየው ዓይን አያየውም። ለሌላው የቤት ወጪ ነው፤ ለእኔ ሥራዬ ነው። ሸማቾች ማኅበሩ ስኳር ገባ ሲባል ሰው ሁሉ ወደ መደብሩ ሲሮጥ፣ አንዳንዱ ኩፖኑን ይዞ ወደ እኔ የሚመጣው ለዚህ ነው። «እትዬ፣ ዛሬ እጄ ባዶ ነው። ስኳሩን አንቺ አውጪው፤ ለእኔ ትንሽ ነገር ጣል አርጊልኝ» ይለኛል። በማኅበሩና በነጋዴው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ እንዲህ የሚለኝ ሰው ይበዛል።

ብገዛው ምን ነውር አለው? እሱ ብር ያገኛል፣ እኔ ርካሽ ስኳር አገኛለሁ፣ ማኅበሩም የሚሸጠውን ሸጧል። ማን ተጎዳ?

ጥያቄው እንደ አዲስ የተነሳብኝ፣ በቅርቡ ጎጆ የወጣች የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ በኩፖን መግዛት ከየት ይጀመራል?» ባለችኝ ጊዜ ነው። አጀማመሩ ቀላል ነው። መታወቂያሽን ይዘሽ ትሄጂና የቤተሰብሽን ቁጥር በደብተር ታስመዘግቢያለሽ። የስኳርና የዘይት ብር ከአስቤዛው ለይተሽ ታስቀምጫለሽ፤ ዕደላው ቀን ቆርጦ ስለማይመጣ፣ በመጣበት ቀን ብር ለሌለው ሰው ኩፖኑ ወረቀት ብቻ ነው። ጀሪካንሽን አጥበሽ ትሄጃለሽ፤ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መቆሙን ሳታዪ ዕቃሽን አታስቀምጪም። ትርፍሽንም በትክክል አስቢው፤ ባልሽ በቀን ሥራ የሚያድር ከሆነ፣ ሰልፍ ላይ የዋለበት ቀን ዋጋ ከስኳሩ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። እስከዚህ ድረስ የቁጠባ ትምህርት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የሃይማኖት ጥያቄ ነው።

ኩፖን ሁሉ አንድ አይደለም። ሪያድ ለሥራ የሄደች ዘመዳችን ትልልቆቹ ሱቆች በየሳምንቱ ስለሚበትኑት የቅናሽ ወረቀት ታወራኛለች፤ ሁለት ለገዛ አንዱ በነፃ ነው አሉ። እንዲህ ያለው ነገር ሥሩ ሩቅ ነው፤ ኮካኮላ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ወረቀት ያድል ነበር። ያ የነጋዴ ወረቀት ነው፤ ብዙ እንድትገዢ ይጠራሻል። የኛው ተቃራኒው ነው፤ ከዚህ በላይ አትግዢ ይልሻል። እናቶቻችን በደርግ ዘመን፣ ከተማው ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በቀበሌ ከተደራጀ በኋላ፣ በቀበሌ ሱቅ ያዩት ይህንኑ ነው። እኛም በ2003 ዓ.ም. አየነው። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በብዙ ሸቀጥ ላይ የዋጋ ጣሪያ ወጣ፤ ከወራት በኋላ ከአብዛኛው ላይ ሲነሳ ስኳርና ዘይት ግን በቁጥጥር ሥር ቀሩ፤ በሸማቾች ማኅበራት በኩልም በኮታ መታደል ቀጠሉ። በነጋዴው ወረቀት ብዙ ብትወስጂ የሚጎዳ ሰው የለም። በኮታ ግን ሁለት ጊዜ የወሰደ ሰው፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመውን ባዶ እጁን መልሶታል።

ይህን ይዤ ሼኻችን ዘንድ ሄድኩ። ሐላል ወይም ሐራም ለማለት አልቸኮሉም፤ መጀመሪያ አንድ ታሪክ ነገሩኝ። ኢማም ማሊክ በሙወጣእ ዘግበውታል፤ ኢማም ሙስሊምም የሚመስለውን ከአቡ ሁረይራ አስተላልፈዋል። በመጀመሪያው የሒጅራ ክፍለ ዘመን፣ መርዋን ኢብን አል-ሐከም መዲናን ሲያስተዳድር፣ ሰዎች ከአል-ጃር እህል የሚያወጡበት ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። አል-ጃር የመዲና የቀይ ባሕር ወደብ ነው፤ የግብፅ እህል የሚራገፈው እዚያ ነበር። ሰዎቹ እህሉን ሳይረከቡ ወረቀቱን ይሻሻጡት ጀመር። ሰሓባው ዘይድ ኢብን ሣቢት ከሌላ ሰሓባ ጋር ሄደው መርዋንን ወለድ ፈቀድክ ወይ ብለው ወቀሱት። መርዋንም ወታደር ልኮ ወረቀቱን ከገዢዎች እጅ እያስለቀመ ለባለቤቶቹ አስመለሰ።

ሼኻችን እዚህ ላይ አላቆሙም። ዑለማዎቹ በጉዳዩ ላይ እንደተለያዩ ነገሩኝ። የሻፊዒዩ ሊቅ ኢማም ነወዊ እንደሚያስረዱት፣ ወረቀቱ በስሙ የወጣለት ሰው ድርሻውን መሸጥ ይችላል፤ ክልክሉ ከእሱ የገዛው ሰው ሳይረከብ ለሦስተኛ ሲሸጥ ነው የሚሉ አሉ። ከመነሻውም አይሆንም የሚሉም አሉ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ለሻይ ቤቴ ይመቸዋል። ግን የአል-ጃሩ ወረቀትና የእኛ ኩፖን አንድ አልሆኑልኝም። የዚያ ዘመን ሰው የያዘው የተሰጠው እህል ነው፤ ይቅር ቢል የሚቀርበት የራሱ ነው። የእኛ ሰው በእጁ የያዘው ገና ያልገዛውን ነገር በቅናሽ የመግዛት ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም የተለካለት በቤተሰቡ ቁጥር ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት አባወራ ኩፖኑን ሲሸጥ አራቱ አልተጠየቁም። በእጁ ያለው አማና ነው፤ አማናን የያዘው ሰው ብቻውን አይሸጠውም።

አንድ የቀን ሠራተኛ ግን ይህን ስነግረው መልስ አሳጥቶኛል። «ልጆቼ የቸገራቸው ዱቄት ነው እንጂ ስኳር አይደለም። ስኳሩን ሸጬ ዱቄት ብገዛ የማንን ሐቅ በላሁ?» አለኝ። ልክ ነው። ለቤቱ የሚበጀውን ከእኔም ከማኅበሩም ይልቅ እሱ ያውቃል። ስለዚህ እሱን ሸጥክ ብዬ አልወቅሰውም። የምጠይቀው ራሴን ነው። ኩፖኑ በእኔ እጅ የረከሰው እሱ በዚያች ቀን ብር ስላጣ ነው፤ ነገ ደመወዙን ቢቀበል አይሸጥልኝም ነበር። የእኔ ትርፍ የእሱ የአንድ ቀን እጦት ነው። እሱ ቢፈቀድለት እንኳ ለእኔ ያ ትርፍ አይጥመኝም።

ስለዚህ «አብሽር» ብዬ የስኳሩን ዋጋ አበድረዋለሁ። ሼኻችን በዚህም ላይ አስጠንቅቀውኛል፤ ለአበዳሪው ጥቅም የሚያመጣ ብድር ከወለድ ይቆጠራልና ስኳሩን ግማሽ አካፍለኝ ማለት አልችልም። ብሩን አብዛኛው ሰው ይመልሳል፤ የማይመልስም አለ። ለሻይ ቤቱ ከነጋዴ እገዛለሁ። የሻይ ዋጋ ላይ ጨምሬያለሁ፤ ስኳሩንም ብርጭቆ ውስጥ ጨምሬ ማቅረብ ትቼ ለብቻው አቀርባለሁ። የሚበቃውን ብቻ የሚወስድ ደንበኛ ከጠበቅኩት በላይ ብዙ ነው። የእኔ ቁጠባ የተገኘው ከዚያ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ። ክርስቲያን ጎረቤቴ ቅቤ ስለማትነካ ዘይት ትሻለች፤ እኔ ለማፍጠሪያ ሻይ ስኳር እሻለሁ። ሁለታችንም ድርሻችንን አውጥተን ቤት ካስገባን በኋላ ከዘይቱ ሰጠኋት፣ ከስኳሩ ሰጠችኝ። ስለ መና ያነሳችልኝም ያን ጊዜ ነው፤ ለእያንዳንዱ ራስ አንድ ጎሞር፣ ለነገ ብሎ ያሳደረ ሰው ደግሞ ተልቶበት ተገኘ። እኔም የአል-ጃርን ነገርኳት። ሁለቱም ታሪክ ለየሰው የታደለ ምግብ ለሀብት ማከማቻ አልተሰጠም ይላል።

ለእህቴ ልጅ የምላት እንግዲህ ይህን ነው። ከፈለግሽው በጊዜ አውጪው። ካልፈለግሽው እዚያው ተይው፤ ወይም አውጥተሽ ለሚያስፈልገው ስጪ። መሸጥ ካማረሽ ግን፣ በደብተሩ ላይ ከስምሽ ሥር የተጻፉትን አስቀድመሽ ጠይቂ።