የተጻፈ ሕግና ያልተፈጸመ ቃል

ሕግ ተጽፎ የማይፈጸም ከሆነ መጻፉ ምን ይጠቅማል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ታሪክን መመርመር ይሻል። ለዚህም የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ዐሥራ አራተኛ ማሻሻያ መልካም ምስክር ይሆነናል።

ድሬድ ስኮት የተባለ ባሪያ፣ ባርነት በተከለከለበት ምድር ከጌታው ጋር ኖሬአለሁና ነጻ ልወጣ ይገባኛል ሲል ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1857 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ የአፍሪካ ተወላጅ ባሪያም ይሁን ነጻ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን ስለማይችል በዚህ ችሎት የመክሰስ መብት የለውም አለ። እንግዲህ የተወሰደበት ነጻነቱ ብቻ አልነበረም፤ አቤቱታውን የሚሰማለት ዳኛም ጭምር ነው እንጂ።

ከ1861 እስከ 1865 የቈየው የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈጸም ባርነት በዐሥራ ሦስተኛው ማሻሻያ ተሻረ። ነገር ግን የደቡብ ክፍላተ ግዛት ምክር ቤቶች የተሻረውን በሌላ ስም መልሰው ሊያቆሙት ሞከሩ፤ የሥራ ውል ሳይዝ የተገኘው ጥቁር ቦዘኔ ተብሎ ይቀጣ፣ መቀጫውን መክፈል ሲያቅተውም ጕልበቱ ለባለ እርሻ ይከራይ ጀመር። ስለዚህ የኦሃዮው እንደራሴ ጆን ቢንግሃምና ጓደኞቹ በ1866 አዲስ ማሻሻያ አዘጋጁ፤ በ1868ም ጸደቀ። ፍሬ ነገሩም ይህ ነው፤ በአሜሪካ ተወልዶ በሕጓ ሥር የሚገኝ ሁሉ ዜጋ ነው፤ ማናቸውም ክፍለ ግዛት ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዐት የሰውን ሕይወት፣ ነጻነት ወይም ንብረት መውሰድ፣ እኩል የሕግ ጥበቃንም መንፈግ አይችልም።

ቃሉ ያማረ ነበር፤ ጠባቂ ግን አጣ። በ1896 ሆመር ፕሌሲ በሉዊዚያና ለነጮች በተለየ የባቡር ፉርጎ ስለ ተቀመጠ በቀረበበት ክስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን መለየት እኩልነትን አያፈርስም ሲል ፈረደ። ሰባት ዳኞች ሲስማሙ የተቃወመው አንድ ብቻ ነበር። እርሱም ጆን ማርሻል ሃርላን፣ ከባሪያ አሳዳሪ ቤተ ሰብ የተወለደና ቀድሞ የባርነትን መሻር የነቀፈ ሰው ነው። ሁሉም ያነበቡት ቃል አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዳቸው መለያየቱ፣ ሕግ የኅሊናን ቦታ ሊተካ እንደማይችል ያስረዳል።

ታዲያ ቃሉ ከንቱ ነበርን? አልነበረም። ባለ ዕዳ ባይከፍልም የፈረመው ሰነድ በአበዳሪው እጅ ይቈያል። በ1954 ቱርጉድ ማርሻልና ባልደረቦቹ በትምህርት ቤት ጥቁርና ነጭ ሕፃናትን መለየት ይቅር ብለው ሲሟገቱ፣ ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱላቸው፤ የተጠቀሰው ግን ሰማንያ ስድስት ዓመት የቈየው ያው ቃል ነበር። ቀደም ሲል በ1898 ከቻይናውያን ወላጆች በሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ዜግነቱ የጸናለት፣ በዚያ አገር ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተወለዱ ብዙ ልጆችም ዜጎች የሆኑት በዚሁ ነው። በ2025 የአገሩ ፕሬዚዳንት ይህን መብት የሚያጠብ ትእዛዝ ባወጡ ጊዜም ክርክሩ ወደዚሁ ቃል ተመልሷል።

እንግዲህ የተጻፈ ሕግ ፍትሕን በራሱ አያመጣም። ነገር ግን የተበደለው ሰው ልመናውን ትቶ «በሕግ አምላክ!» የሚልበትን ቃል ይሰጠዋል። ድሬድ ስኮት ያጣው ይህንኑ ነበር። ጥሪውን ሰምቶ መቆም ግን የዳኛው፣ የሹሙና የጎረቤቱ ፈንታ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ጆሮውን ሲደፍን ዕዳው ወደ ልጆች ይተላለፋል።