ስለ ትንሽ ሕመምና ስለ ሰው አገር

በሰው ላይ ከሚደርሱት ሕመሞች መካከል ማንም የማያዝንላቸው አሉ። ትኩሳት የያዘው ሰው ይጠየቃል፤ እግሩ የተሰበረውም ይታዘንለታል፤ የሙቀት ሽፍታ ወጥቶበት ገላውን የሚያክከው ሰው ግን ይሳቅበታል፤ እርሱም አብሮ ይስቃል። እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ የማይገድል ሕመም የያዘው ሰው፣ ይልቁንም በሰው አገር የሚኖር፣ ዝም ብሎ መቻል ነው የሚገባው ወይስ አፍ አውጥቶ መናገር? ጥያቄው ለልጆች የሚቀርብ ተራ ነገር ቢመስልም በሥሩ ብዙ ነገር አለበት።

የደጋ ሰው ይህን ሕመም በአገሩ እምብዛም አያውቀውም። የጎንደር ከተማ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ነው፤ ዳባትና ደባርቅ ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። በደባርቅ ብርድ ጋቢ ደርቦ ያደገ ጐልማሳ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሲወርድ፣ ከዚያም በገላባት በኩል ወደ ሱዳን ሲዘልቅ፣ ወይም አንዲት የዳባት ልጅ ቀይ ባሕርን ተሻግራ በጅዳ ከተማ በሰው ቤት ስትቀጠር፣ ገላቸው ያልለመደው ነገር ያጋጥመዋል። ላብ ከቆዳ ሥር በቀጫጭን ቧንቧዎች ይወጣል፤ ሙቀትና ወበቅ ሲበዛ፣ ልብስም ከገላ ሲጣበቅ፣ የቧንቧዎቹ አፍ ይደፈናል። መውጫ ያጣው ላብ ከቆዳው በታች ይቀራል፤ ያን ጊዜ በአንገት፣ በደረት፣ በብብትና በጀርባ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ይወጣል፤ እንደ መርፌ ይወጋል፤ እንቅልፍ ይነሳል። (ቋንቋችን ለዚህ ሕመምና ጫካ ለገባ ሰው አንድ ቃል መስጠቱ ያስገርመኛል። ሁለቱም ሳይታሰቡ ነው የሚወጡ።)

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከሙቀት መራቅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ፣ ገላን አድርቆ ሰፊ የጥጥ ልብስ መልበስ ነው። ቅቤና ቅባት የተደፈነውን ይብሱን ይደፍነዋል፤ ማከክም ቆዳውን ልጦ ወደ ቁስል ያደርሰዋል። መግል ከያዘ፣ ትኩሳትም ካስከተለ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ አለዚያ ገላው ከቀዘቀዘ በጥቂት ቀን ይጠፋል።

ቀላል መሆኑስ ለማን ነው? ጥላ፣ ውሃ፣ ቅያሪ ልብስና ጥቂት ዕረፍት ላለው ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ምድጃ ፊት የምትቆም፣ ሌሊቱን መስኮት በሌለው ጓዳ የምትተኛ ልጅ የሚያስፈልጋት መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት አይገኝም፤ በአሠሪዋ እጅ ነው ያለው። ከፋላ የሚባለው ሥርዓት በሚሠራበት አገር ደግሞ የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ስለ ሆነ፣ «ገላዬን አሳከከኝ» ብሎ መናገር እንኳ ሥራን የሚያሳጣ መስሎ ይታያታል። ስለዚህ ዝም ትላለች። ይህን ዝምታ ትዕግሥት ነው ብለን የምናመሰግን ሰዎች ምን እያመሰገንን እንደ ሆነ ልናስብበት ይገባል።

ነገሥታትም ለቆዳቸው መድኃኒት ከሩቅ አገር ፈልገዋል። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የቆዳ ሕመም ባደረባቸው ጊዜ ሐጂ አሊ የሚባለውን ሰው ሐኪም ያመጣ ዘንድ ወደ ካይሮ ላኩት። ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1698 ዓ.ም. (እ.አ.አ.) ከካይሮ ተነሥቶ፣ በስናር በኩል ከአንድ ዓመት በላይ ተጕዞ፣ በ1699 ጎንደር ገባ፤ ንጉሡንም አከማቸው። ለአንድ ሰው ገላ ይህን ያህል መንገድ መሄዱን ማንም ከልክ ያለፈ ነው አላለም። እንግዲህ ትንሽ ሕመምና ትልቅ ሕመም የምንለው ብዙ ጊዜ የሚለየው በቆዳው ሳይሆን በባለ ቆዳው ነው ማለት ነው።

የሶርያውን ንዕማን ታሪክ በሰንበት ትምህርት ቤት ያልሰማ ልጅ ጥቂት ነው። የጦር አለቃው ለምጽ ይዞት መድኃኒት ፍለጋ ወደ ሰው አገር፣ ወደ ሰማርያ ሄደ፤ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ በተባለ ጊዜም ነገሩ ቀለለበትና ተቈጣ። ሰባኪዎቻችን ብዙውን ጊዜ የሚቆሙት በዚህ ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መጀመሪያው ነው። የፈውሱን ነገር ያነሣችው ከአገሯ ተማርካ በቤቱ የምታገለግል አንዲት ብላቴና ናት፤ እመቤቷም ቃሏን ሰማች፤ ቃሉም እስከ ንጉሡ ደረሰ። በዚያ ቤት የአገልጋይ ቃል ባይሰማ ኖሮ ንዕማን ከነለምጹ በሞተ ነበር። የልጅቱን ሕመም ጠይቆ የነበረ ሰው መኖሩን ግን መጽሐፉ አይነግረንም።

«ጠንካራ ሰው ይችላል፤ ለማሳከክ ሁሉ አቤት የሚል የትም አይደርስም» የሚሉ አሉ፤ ነገራቸውም ጨርሶ ሐሰት አይደለም። የአጨዳ ሰሞን በቈንጨራና በእሾህ መካከል የሚውል ሰው ሁሉን ነገር ቢያማርር ሥራ አይሠራም። ይሁን እንጂ ሰው የራሱን ጀርባ አያይም። ሙቀት ያመጣው ነው ብሎ የሚችለው ነገር እከክ ሊሆን ይችላል፤ እከክ ደግሞ ሌሊት ያይላል፤ በጣቶች መካከልም ይገባል፤ አብሮ ወደሚተኛ ሰው ይተላለፋል። በአንድ ዳስ አሥርና ሃያ ሆነው በሚያድሩበት የአጨዳ ሰፈር የአንዱ መቻል የሌላው ሕመም ይሆናል። በአገር ቤት ቢሆን እናት ወይም እኅት ልብሱን ገልጣ ታየው ነበር፤ በሰው አገር የሚታጣው አንዱ ይህ ነው።

በ1954 ዓ.ም. (እ.አ.አ.) በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ሕመምተኛውን የሚያይና መኖሪያውን የሚያይ ሰው አብረው መሄድ አለባቸው የሚል አሳብ ነበረበት። የሙቀት ሽፍታም ከገላው ይልቅ የቤቱ ሕመም ነው ማለት ይቻላል።

በየቤታችን ስልክ ሲደወል የምንጠይቀው ግን ሌላ ነው። «ደኅና ነሽ ወይ?» እንላለን፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘቡ እንነጋገራለን። የምትተኚበት ክፍል መስኮት አለው ወይ? ስንት ልብስ አለሽ? ውሃውን በፈለግሽ ጊዜ ታገኛለሽ ወይ? ጀርባሽን የምታይልሽ ያገር ልጅ በአቅራቢያሽ አለች ወይ? ብለው የሚጠይቁ እናቶችን አውቃለሁ፤ ጥቂቶች ናቸው። ለእነርሱ የሚሰጠው መልስ ከሌሎቹ ይረዝማል።