ትእዛዙ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1854 ክሪሚያ ውስጥ፣ ሴባስቶፖልን ከከበቡት የእንግሊዝ መድፎች በአንዱ አጠገብ የ20 ዓመት ባሕረኛ ቆሞ ነበር። ሩሲያውያን ከጎን ገፍተው ሲመጡ “መድፉን አበላሽታችሁ ሽሹ” የሚል ቃል ደረሰው። ዊልያም ሂዌት የሚባለው ይህ ወጣት፣ ትእዛዙ ከአለቃው ከካፒቴን ለሺንግተን ስላልመጣ አልቀበለውም አለ። የምሽጉን ግንብ አፍርሶ የመድፉን አፍ ወደሚመጣው ጦር አዞረና ተኮሰ። በኋላም ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን የጀግና ኒሻን አገኘ። የከተማዋ ስም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ትልቅ መድፍ የተሰየመው በዚያችው ሴባስቶፖል ነው።

ወጣት ይህን ሲሰማ “እምቢ” ማለቱን ይወድለታል። በዕድሜ የገፋ ሰው የሚመለከተው ግን ከእምቢታው በፊት የነበሩትን ዓመታት ነው። ሂዌት ባሕር ኃይል የገባው በ1847፣ ገና በ12 ዓመቱ ነበር። ያን ቀን መድፉ አጠገብ ሲቆም የሰባት ዓመት አገልግሎት ነበረው፤ በርማ ላይም ዘምቷል። የማን ቃል እንደሚያስረው፣ የማን ቃል እንደማያስረው ለይቶ ያውቃል። ይህን ሳያውቅ እምቢ ያለ ወታደር የሚጠብቀው ሽልማት ሳይሆን ችሎት ነው።

ከዚያ ወዲያ ማዕረጉ እየጨመረ ሄደ። እሱ ሲቀጠር ሸራ ገና የመርከብ ዋና ጉልበት ነበር፤ አድሚራል ሲሆን ባሕሩን የያዘው የድንጋይ ከሰልና እንፋሎት ነው። በ1873 እና 1874 በአሻንቲ ጦርነት የባሕረኞችን ጦር እየመራ በየብስ ተዋጋ። በ1882 ሕንድ ውቅያኖስን የሚጠብቀው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አዛዥ ሆነ።

የሰቆጣ ልጅ “መርከብና ዋግ ምን አገናኛቸው?” ቢል አይፈረድበትም። ግን ተገናኝተዋል። በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ቴዎድሮስን ለመውጋት ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ሲወርድ፣ የእንፋሎት መርከቦች ከሰል እያነደዱ የባሕሩን ውሃ አጣርተው ለሰውና ለከብት የሚጠጣ ውሃ ያወጡ ነበር። ሮኬት የታጠቁ ባሕረኞችም ከጦሩ ጋር በአሸንጌ በኩል አድርገው፣ የላስታን ተራሮች አቋርጠው መቅደላ ሥር እስካለችው አሮጌ ድረስ ዘልቀው ተኩሰዋል። የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጎበዜ የቴዎድሮስ ባላጋራ ስለነበሩ መንገዱን አልዘጉበትም። ናፒየር ሲሰናበት ግን መድፉንና ጠብመንጃውን የሰጠው ለትግራዩ ካሳ ነው፤ ካሳ ስንቅና መተላለፊያ ለማቅረብ ከእሱ ጋር ፊት ለፊት ተነጋግረዋልና። ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በጁላይ 1871 ግን አድዋ አጠገብ ብዙ ሠራዊት ይዘው፣ በቁጥር ያነሰውና የተሻለ የታጠቀው የካሳ ጦር ድል አደረጋቸው። በምላሹ ምን እንደሚያገኙ አስቀድመው ሳይዋዋሉ ውለታ መዋል ለዋጉ ሰው ምን እንዳስከፈለ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ በአካባቢው የለም።

ካሳ፣ ማለትም ዐፄ ዮሐንስ፣ በተራቸው በውል ተጎዱ። ሱዳን ውስጥ በማህዲስቶች የተከበበውን የግብፅ ጦር ለማስወጣት እንግሊዝ የኢትዮጵያን እጅ ፈለገች። የላከችውም ያንን የሴባስቶፖል ባሕረኛ፣ አሁን አድሚራል ሰር ዊልያም ሂዌትን ነው። ሂዌት ከምጽዋ ወጥቶ አድዋ ላይ ሳምንታት ንጉሠ ነገሥቱን ጠበቀ፤ ጁን 3 ቀን 1884 ውሉ ተፈረመ። ዮሐንስ በግዛታቸው በኩል የግብፅን ጦር ሊያሳልፉ፣ በአጸፋው ግብፅ ይዛው የነበረው ቦጎስ ሊመለስላቸውና በምጽዋ ወደብ የጦር መሣሪያ ሳይቀር ዕቃቸው ያለ ቀረጥ ሊያልፍ ተስማሙ።

ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። የጦር አዛዣቸው ራስ አሉላ በሴፕቴምበር 1885 ኩፊት ላይ ከማህዲስቱ አዛዥ ከኦስማን ዲግና ጦር ጋር ተዋግተው በብዙ ደም አሸነፉ። ምጽዋ ግን ያኔ የሌላ ሰው ነበረች፤ ውሉ ከተፈረመ ስምንት ወር እንዳለፈው፣ በፌብሩዋሪ 1885፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ፈቃድ ይዛታለች።

ሂዌት ዋሸ ማለት ይከብዳል። ቦጎስ ተመልሷል፤ እሱም የተላከበትን አድርሷል። መኮንን ግን ፈርሞ ይሄዳል፤ ሥራው ነው። በ1886 የቻነል መርከቦች አዛዥ ተብሎ ወደ አገሩ ባሕር ተሾመ፤ በሜይ 1888 አረፈ። የምጽዋን ጉዳይ የሚወስኑት ለንደን የተቀመጡ ሚኒስትሮች ነበሩ፣ ለእነሱም ያን ጊዜ የጣሊያን ወዳጅነት ይበልጥባቸው ነበር። በ20 ዓመቱ “ትእዛዙ የማን ነው?” ብሎ የጠየቀው ሰው በ49 ዓመቱ ያመጣው ፊርማ ራሱ ይህን ጥያቄ የሚያስጠይቅ ነበር። ከፈራሚው በስተጀርባ ማን አለ? እሱ ሲሄድ ተጠያቂው ማን ነው?

ዛሬ ከዋግ ኽምራና ከወሎ ተነሥቶ፣ ያንኑ ቀይ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ለመግባት የሚያስብ ወጣት ይህን ጥያቄ ለደላላው ያቅርብ። ደላላ ደመወዙን በቃል ይቆርጣል፤ ጅቡቲ ሲደርሱ ስልኩን የሚያነሣው ሌላ ሰው ነው። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት ሕግ ሠራተኛ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ እንዲኖረውና የገንዘብ ዋስትና እንዲያስይዝ ያዝዛል፤ ደመወዝ ሲቀር የሚያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ በሬ ከመሸጡ በፊት ልጁ የኤጀንሲውን ስም በወረቀት ይዞ የወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይሂድ፣ ፈቃዱ የጸና መሆኑን ያስመርምር፤ የውሉንም አንድ ቅጂ እናቱ ዘንድ ያስቀምጥ።