ጎመኑ የማን ነው?

አላስካ ውስጥ፣ ፓልመር ላይ በየዓመቱ ግዙፍ ጥቅል ጎመን ይመዘናል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ያሸነፈው ከ62 ኪሎ በላይ ነበር፤ አንድ ሰው ያክላል በሉት! ምስጢሩ ብዙም አይደለም፦ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ በቀን 19 ሰዓት ያህል ትታያለች።

ታዲያ ሽልማቱ ለምን ለገበሬው? "ዕድለኛ ነው" ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን ያቺው ፀሐይ ለአረሙም ወጥታለች። ደጁ በረዶ ሳለ ቤት ውስጥ በመብራት ችግኝ የሚያፈላው፣ በጋውን ሙሉ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ነው።

ደግሞ ያንኑ ልፋት ደጅ በተተከለ ቲማቲም ላይ አስቡት። ቲማቲም ሙቀት ይወዳል፤ ብርሃን ብቻውን አይበቃውም። ፍሬው ሳይቀላ ውርጭ ሊቀድመው ይችላል። እና እኩል ለፍቶ ባዶ እጁን የቀረውን ሰው፣ ጎመኑን አይቼ "ሰነፍ" ልበለው? እኔ አልደፍርም።