የሚፈርሰው ቤት ዕዳው በማን ላይ ነው?

ቤት በአንድ ቀን አይፈርስም። አስቀድሞ የጣራው ቆርቆሮ ይዝጋል፤ በቀዳዳው ዝናብ ይገባል፤ ዝናቡም ምርጊቱን ያረግፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ማገሩና ምሰሶው ይበሰብሳሉ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ቢሆን ኖሮ ቤቱ በዳነ ነበር። እንግዲህ የምንመረምረው ነገር ይህ ነው፤ እጁን መዘርጋት የሚገባው ያ ሰው ማን ነበረ?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፥ በአራዳ የአርመንና የህንድ ባለሙያዎች ከአገራችን አናጢዎችና ግንበኞች ጋር የእንጨት ሰገነት ያላቸውን ያማሩ ቤቶች ሠርተው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈር ሰፊው ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ብዙ አሮጌ ቤቶች አብረው ፈረሱ። ይህን ያየ ሰው ቤቶቹን ያጠፋቸው እርጅና ነው ይል ይሆናል። እርጅና ግን ብቻውን ቤትን አይጥልም። በሐረር ጀጎል በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ ጥንታውያን ቤቶች፥ ቤተ ሰብ እየኖረባቸው በየጊዜው ስለሚለሰኑና ስለሚጠገኑ እስከ ዛሬ ቆመዋል። ቤትን የሚጥለው ጠያቂና ተጠያቂ ማጣት ነው።

ይህ ማጣት በአዲስ አበባ እንዴት እንደ መጣ እንመልከት። ከ1967 ዓ.ም. በፊት የከተማው መሬት አብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበረ፤ ድኻውም በኪራይ ይጨነቅ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩ ተቀነሰ፤ ድኻውም ከጭንቀቱ ዐረፈ፤ ይህን በጎነት መካድ አይገባም። ነገር ግን የተቀነሰው ኪራይ ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ስለ ኖረ ለጥገና የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘበትም። ቀበሌው ገንዘብ የለኝም አለ፤ ተከራዩ ቤቱ የእኔ አይደለም አለ፤ የቀድሞው ባለቤትም ተወስዶብኛል አለ። ሦስቱም እውነት ተናገሩ፤ ዝናቡ ግን የሦስቱንም እውነት ሳይሰማ መግባቱን ቀጠለ።

እንግዲህ ቤት እንዲቆም ባለቤትነት፥ ጥቅምና ጥገና በአንድ ላይ መያያዝ አለባቸው። አንዱ ጥቅሙን ወስዶ ሌላው ጥገናውን እንዲሸከም ቢደረግ፥ ወይም ግዴታው ለብዙዎች ተበትኖ ለማንም በስሙ ባይሰጥ፥ ውጤቱ ፍርስራሽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን የያዘ ሰው እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል። ግዴታው መልካም ነው፤ አቅም ለሌለው ሰው ግን ያለ እርዳታ የተጫነ ግዴታ ሸክም ብቻ ይሆንበታል። አቅም እያለው ቤቱን ዘግቶ መውደቁን የሚጠብቅ፥ ወይም በውርስ ክርክር ምክንያት ለዓመታት የሚተወው ሰው ግን ጎረቤቱንና አላፊ አግዳሚውን ይበድላል።

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 14 ደዌ ስለ ታየበት ቤት የሚናገረውን ሥርዓት ልብ እንበል። አስቀድሞ ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ለካህኑ ይናገራል። ካህኑ ከመግባቱ በፊት የቤቱ ዕቃ እንዲወጣ ያዝዛል። ከዚያ ይመረምራል፤ ሰባት ቀን ዘግቶ ያቆየዋል፤ ተመልሶም ያያል። ደዌው ሰፍቶ ቢያገኘው የተበከሉት ድንጋዮች ወጥተው በሌሎች ይተካሉ፤ ቤቱም ተፍቆ እንደ ገና ይመረጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ደዌው ቢመለስ ብቻ ቤቱ ይፈርሳል። አንባቢ ሆይ፥ ቅደም ተከተሉን አስተውል፤ ማፍረስ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ምናልባት አንድ ሰው፥ ከድንጋይና ከእንጨት ይልቅ ሰው አይበልጥምን? በሚያፈስ ጣራ ሥር የሚኖር ድኻ ስለ ቅርስ ምን ይጠቅመዋል? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሰው ይበልጣል። ለዕድሳት የማይመች አደገኛ ቤትም መፍረሱ ግድ ነው። ነገር ግን ያ ድኻ በሰፈሩ ያለው ቤት ብቻ አይደለም። የሚቀብረው ዕድሩ፥ ሲታመም የሚጠይቀው ጎረቤቱ፥ የዕለት እንጀራውን የሚያገኝበት ገበያ በዚያው ናቸው። ወደ ከተማው ዳር ሲወሰድ ደረቅ ጣራ ቢያገኝ እንኳ እነዚህን ያጣል። ስለዚህ ለሰው የሚያስብ ሥርዓት በመጀመሪያ ቤቱን ጠግኖ ሰውን በቦታው ማኖር ይቻል እንደ ሆነ ይመረምራል።

እንግዲህ ከተማ የሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚዘመውን ቤት ሁሉ ይመዝግቡ፤ ለእያንዳንዱም ተጠያቂውን በስሙ ይጻፉ፤ ከኪራዩም ለጥገና የሚሆነውን ድርሻ ለይተው ያኑሩ። እኛም የምንኖርበት ቤት የራሳችን ባይሆን እንኳ ክረምት ሳይገባ ጣራውን ቀና ብለን እንይ። አንዲት ቆርቆሮ በጊዜዋ ብትለወጥ ምሰሶው ይድናል።