ዕለት በሰዓት ትለካለችን?

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17፥ ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነበርና በመካከሉ ያሉት የጾም ዕለታት 55 መሆናቸውን ባሕረ ሐሳብ ያልተማረ ምእመን እንኳ ያውቃል፤ ነገር ግን በዋሽንግተን ለሚኖር ጿሚ ይህንኑ ቍጥር እንዲያወጣ የታዘዘ ፕሮግራም፥ ከጾሙ መግቢያ እኩለ ሌሊት እስከ ትንሣኤ እኩለ ሌሊት ያለውን ሰዓት ደምሮ ለ24 ቢያካፍልና ቀሪውን ቢጥል፥ መልሱ 54 ይሆናል። የካቲት 30 ቀን እሑድ፥ በዚያ አገር ሰዓት ሲቀየር፥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በአንድ ጊዜ 9 ስለ ተባለ፥ ያቺ ዕለት የነበራት 23 ሰዓት ብቻ ነው፤ ድምሩም 1320 መሆኑ ቀርቶ 1319 ሆነ። ኮዱን መስመር በመስመር የሚመረምር ሰው መደመሩንም ማካፈሉንም የቀና ሆኖ ያገኘዋል፤ ስሕተቱ የተቀመጠው ከሒሳቡ በፊት፥ ዕለት ማለት 24 ሰዓት ናት ብሎ በማመኑ ላይ ነው።

ይህ እምነት የፕሮግራመሮች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። ሊቃውንታችን ዕለትን በ60 ኬክሮስ ከፍለው ሰፍረዋታልና ልክ እንዳላት አልካዱም፤ ኦሪት ዘፍጥረት ግን የሚቈጥራት በማታና በጧት ነው፥ ያውም ፀሐይና ጨረቃ ከመፈጠራቸው አስቀድሞ ሦስት ዕለታት ተቈጥረው አልፈዋል። መስፈሪያዎቹ ብርሃናት ሳይኖሩ ዕለት ከኖረች፥ ከመስፈሪያዋ የቀደመች፥ ሠርክና ነግህ ተከታትለው የሚያቆሟት ናት ማለት ነው፤ 23 ሰዓት ያላት እሑድም ማታዋና ጧቷ ስላልጐደለ ሙሉ እሑድ ናት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ከማጄላን ጋር የወጡት መርከበኞች በ1522 እ.ኤ.አ. ምድርን ወደ ምዕራብ ዞረው ከኬፕ ቬርዴ ደሴቶች ሲደርሱ፥ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፒጋፌታ ዕለት ሳያጓድል የጻፈው መዝገብ ረቡዕ ሲል፥ በየብስ ያሉት ሐሙስ ነው አሏቸው። አንድም ማታ ሳይቈጥሩ አላለፉም፤ ዳሩ ግን ፀሐይን ተከትለው ስለ ተጓዙ በዙረታቸው አንድ ማታ ተቀንሶባቸዋል። እንግዲህ የመንገደኛ ቍጥር፥ የቱንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን፥ ዕለትን ለማጽናት አይበቃም፤ የዕለት ባለቤት በስፍራው ረግቶ የሚቈጥር ማኅበር ነው።

በሳሞአ ግን የተናወጠው ይኸው የረጋው ማኅበር ነው። መንግሥቱ ንግዱን ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ለማስማማት ዕለት የሚለወጥበትን መስመር ወደ ማዶ ባሻገረ ጊዜ፥ ታኅሣሥ 20 ቀን 2004 ዓ.ም.፥ ዕለተ ዓርብ፥ ከአቈጣጠራቸው ወጣችና ሕዝቡ ሐሙስ ማታ ተኝቶ ቅዳሜ ጧት ነቃ። በዋሽንግተን ሰዓት ጐድሎ ዕለት ሞልቶ ነበር፤ በዚህ ደግሞ አንዲት ሰዓት ሳትቋረጥ የዕለት ስም ጐደለ። ሰባተኛዋን ዕለት የሚያከብሩት አድቬንቲስቶችም ተከፈሉ፤ ብዙዎቹ ያልተቋረጠውን ሰባት ቈጥረው እሑድ በተባለችው ዕለት ሰንበታቸውን ማክበር ቀጠሉ፥ ሌሎቹ ቅዳሜ የሚለውን ስም ተከተሉ። እኔ ለቈጠሩት አደላለሁ፤ ለንግድ ተብሎ የተዛወረ መስመር ሰንበትን ሊያዛውር አይገባውምና። ሌሎቹን ግን አልነቅፍም፥ ጎረቤት ሁሉ ቅዳሜ በሚልበት አገር ብቻን ዓርብ ብሎ መኖር እጅግ ይከብዳል።

ስለዚህ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በዓልን እንደ ቅጽበት አድርጎ መመዝገቡ ቀላል ጥፋት አይደለም። ጥር 11ን በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ያሰፈረ መዝገብ በዋሽንግተን ስልክ ላይ ጥር 10 ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኖ ይወጣል፥ ጥምቀቱንም ከከተራው ላይ ይጥለዋል። ዓመቱ፥ ወሩና ዕለቱ ብቻ ይጻፉ፤ ሰዓትም የሰዓት ክልልም አይንካቸው፤ የሁለት በዓላት ርቀት ሲፈለግም ዕለታት ይቈጠሩ እንጂ ሰዓታት አይካፈሉ።

በዋሽንግተን ክረምት ዓርብ ከቦሌ ተነሥቶ በዚያው ዓርብ እዚያ ለሚወርድ ጿሚ ያቺ ዕለት 32 ሰዓት ትሆንበታለች። ጾሙን በማን ሰዓት ይፍታ ቢባል፥ በወረደበት ስፍራ ካለው ማኅበር ጋር ይጹም፥ እነርሱም ሲፈቱ ይፍታ እላለሁ።