ሽቶህና የወንድምህ ሐቅ

  

ሰሞኑን ቦንጋ ላይ ከሰላት በኋላ ከደካ የመጣ አንድ ወጣት ያዘኝና ስልኩን ከፍቶ ፎቶ አሳየኝ። መደርደሪያ ላይ 23 ጠርሙስ ሽቶ ተደርድሯል። የትኛው ለበጋ፣ የትኛው ለክረምት፣ የትኛው ለጁሙዓ እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኡስታዝ፣ እናቴ አብደሃል ትለኛለች። ሽቶ መሰብሰብ ሐራም ነው እንዴ?» አለኝ።

ሳቅኩ። እኔም በዚያ በኩል አልፌያለሁና። መልሱን ግን ለእሱ ብቻ ነግሬው ባልፍ ሌሎቻችሁን ስለሚያመልጣችሁ ዛሬ እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልብህ ይረፍ። ሽቶ መውደድ ነውር አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህች ዱንያ እንዲወዷቸው ከተደረጉት ነገሮች አንዱ ሽቶ ነበር። አነስ (ረ.ዐ) እንደነገሩንም ሽቶ ሲሰጧቸው አይመልሱም ነበር። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ለጁሙዓ ታጥቦ፣ ቤቱ ካለው ሽቶ ተቀባብቶ የወጣ፣ መስጂድ ሲገባ በሁለት ሰዎች መካከል ያልለየ፣ የተጻፈለትን ሰግዶ ኢማሙ ሲናገር ያዳመጠ ሰው እስከ ቀጣዩ ጁሙዓ ያለው ወንጀሉ እንደሚማርለት ተነግሯል።

እዚህ ሐዲስ ላይ ቆም በል። ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ የተጠየቅከው ቤትህ ካለው ሽቶ ነው። ተበድረህ ግዛ አልተባልክም። ሁለተኛ፣ ሽቶው ከተነሳ በኋላ ወዲያው የመጣው የሰው ጉዳይ ነው፤ አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው እንዳታስቸግር። ጥሩ ሸትተህ ሰው ትከሻ ላይ ብትረማመድ ሱናውን ግማሽ መንገድ ላይ ጥለኸዋል።

አሁን ወደ አገራችን ልውሰድህ። አንተ በስልክህ የምትከታተላቸው ትልልቅ የፈረንሳይ ሽቶዎች ከካፋና ከጅማ ጫካ ጋር የቆየ ዝምድና እንዳላቸው ታውቃለህ? ጥሪኝ የምንላት እንስሳ ከጅራቷ ሥር ካለው ዕጢ ዝባድ ይወጣል። ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የዓለም ዋነኛ የዝባድ ምንጭ ሆና ቆይታለች። ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ ከመማረካቸው በፊት፣ በካፋ ነገሥታት ዘመን፣ ቦንጋ ትልቅ የገበያ ቦታ ነበረች። ጀበርቲ ነጋዴዎች ዝባዱን በቀንድ ሞልተው፣ ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር በጎጃምና በጎንደር አድርገው እስከ ምጽዋ ያደርሱት ነበር። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ አገራችን ጥሪኝ የማርባት ሙያም በአብዛኛው በሙስሊም ገበሬዎች እጅ የቆየ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብም ዑለሞች ዝባድ ንጹህ መሆኑን ተናግረዋል።

ከዚህ ዝባድ ሦስት ነገር እንማር።

የመጀመሪያው ልክ ነው። ንጹህ ዝባድ በቀጥታ ብታሸትተው ፊትህን ታዞራለህ፤ ይከረፋል። በጣም ሲቀጥን ግን ጣፋጭ ይሆናል፣ የሌሎቹንም ሽታ ይዞ ያቆያል። ዕቃው ያው ነው፣ የለየው መጠኑ ነው። አላህ በሱረቱል አዕራፍ 31ኛ አንቀጽ ላይ በየመስጂዱ ጌጣችንን እንድንይዝ አዞ በዚያው አንቀጽ ማባከንን ከለከለን። ጌጥና ልክ አብረው ወረዱ። ሦስት ጠርሙስ ለሰውነትህ በቂ ሆኖ ሳለ ሃያ ሦስተኛውን የምትገዛው ለማን ነው? ለአፍንጫህ ነው ወይስ ለፎቶው?

ሁለተኛው ከሽታው ጀርባ ያለው ነው። ዝባድ የሚሰጠው በዋናነት ወንዱ ሲሆን፣ በጠባብ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ተይዞ በየጥቂት ቀኑ ይፋቅለታል። በዚህ አያያዝ ምክንያት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ ከውጭ ብርቱ ወቀሳ መጣ። ሻኔል በ1921 ለገበያ ባቀረበው «ቁጥር 5» ሽቶው ውስጥ ከ1998 ጀምሮ የተፈጥሮ ዝባድ እንደማይጠቀም አስታውቋል። ሰው ሠራሽ ምትክ የተቻለው ደግሞ ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት በ1926 የዝባድን ዋና ሽታ አሠራር ስለደረሰበት ነው፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እኛ ግን ወቀሳው ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አልነበረብንም። ድመት አስራ ሳታበላት፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት በሞተችው ድመት ምክንያት ስለተቀጣችው ሴት የሰማነው ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንደበት ነው። እንስሳ ማርባት ሐላል ነው፤ ማስራብና ማሰቃየት ግን ያስጠይቃል። ቤተሰብህ ጥሪኝ የሚያረባ ከሆነ ምግቧንና የቤቷን ስፋት አንተ ተከታተል።

በዚያ የድሮ ቅፍለት ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። ከዝባዱ ጋር በአንድ መንገድ ባሪያ ይነዳ ነበር። ቀንዱ ውስጥ ያለው ለነገሥታት ቤት ይሸታል፣ ከኋላው የሰው ልጅ እግሩ ይቆስላል። ሽቶ በደልን አይሸፍንም።

ሦስተኛው ይኸው ነው፤ የሰው ሐቅ። እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልንገርህ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ 11 ጠርሙስ ሽቶ ነበረኝ። ሁለት ክንዴ ላይ የተለያየ ረጭቼ ከሰዓታት በኋላ የትኛው እንደቀረ አወዳድር ነበር። ዶርም አብሮኝ ከሚኖር ልጅ «ለሳምንት» ብዬ 700 ብር ተበደርኩ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ሴሚስተር ሆነ። በመሃል አዲስ ጠርሙስ ገዛሁ። እሱ አንድ ቀን አልጠየቀኝም።

ዒደል አድሓ ደረሰና ሁላችንም ወደየቤታችን ስንነሳ እሱ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሊያጠና ፈልጎ መሰለኝ። አዲሱን ሽቶ ረጭቼ አቀፍኩትና ዒድ ሙባረክ አልኩት። «ማሻአላህ፣ ሽታው ያምራል» አለኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ነው አንድ ጓደኛችን የነገረኝ። የትራንስፖርት አጥቶ ነው የቀረው። የእኔ 700 ብር አድርሶ ይመልሰው ነበር።

ያኔ ወርጄ ተመለስኩ ብዬ ብነግርህ ደስ ባለኝ። አልወረድኩም። ዒዱን ከእናቴ ጋር አሳለፍኩ፤ እሱ ባዶ ዶርም ውስጥ አሳለፈው። ስመለስ ብሩን ሰጥቼው አፉ በለኝ አልኩት። «አፉ ብዬሃለሁ» አለኝ፣ ጥሩ ሰው ነውና። ግን ያ ዒድ አይመለስም፣ እናቱ በር በሩን ያየችበት ቀን አይመለስም። ያንን ሽቶ ዛሬ ሰው ላይ ሳሸትተው ትዝ የሚለኝ ያ አልጋ ነው።

ወንድሜ፣ መክፈል እየቻለ ዕዳን ማዘግየት በደል መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ሸሂድ እንኳ ሁሉም ሲማርለት ዕዳው ይቀርበታል። ይህን ካወቅን በኋላ በሰው ገንዘብ ጥሩ ሸትተን በመጀመሪያው ሶፍ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ራስህ መልስ።

ስለዚህ ለደካው ልጅ ያልኩትን ለአንተም እላለሁ። ዛሬ ማታ መደርደሪያህ ፊት ቁምና ራስህን ጠይቅ። ከእነዚህ ውስጥ የሰው ገንዘብ ያለበት አለ? ካለ ሽጠህ ክፈል። ዓመት ሙሉ ያልነካኸው አለ? ለጁሙዓ ሽቶ ለሌለው ጎረቤትህ፣ መስጂድ ለሚጠርገው አባት ስጥ። ስጦታ ሆኖ የሰው ልብስ ላይ ሲሸት አጅሩ ለአንተም ይደርሳል። እናትህ የቤት ወጪ ቸግሯት አንተ ጠርሙስ ስትቆጥር ከሆነ እውነቷን ነው፤ መጀመሪያ እሷን አስደስት። የቀረህን ደግሞ ያለ ምንም ሐፍረት ተቀባው፣ ሱና ነው።

የማወዳደር ፍቅርህንም አትጣለው፣ አቅጣጫውን ቀይረው። የሱረቱ አት-ተካሡር መክፈቻ በማብዛት መፎካከር እስከ መቃብር እንደሚያዘናጋ ይነግረናል። ሱረቱል ሙጠፊፊን ደግሞ ማሸጊያው ሚስክ የሆነውን የጀነት መጠጥ ጠቅሶ ተፎካካሪዎች በዚህ ይፎካከሩ ይለናል። ሽቶ የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ርጭት አያምንም፤ ከሰዓታት በኋላ ቆዳ ላይ የሚቀረውን ይጠብቃል። ሰውም እንደዚያው ነው፤ ከሄድክ በኋላ ሰዎች ዘንድ የሚቀረው ነገርህ ይታያል።

አላህ ውጫችንንም ውስጣችንንም ያሳምርልን። የሰው ሐቅ አንገታችን ላይ እያለ ከመገናኘት ይጠብቀን። ዕዳ ያለብንን መክፈያውን ያግራልን። አሚን።

ዛሬ አንድ የቆየ ዕዳ ያለበት ወንድም ካለ ወደ ጁሙዓ ከመውጣቱ በፊት ይደውል።